ከባድ ክር፣ የማይቸኩል ክንድ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድን በትንሽ ወንዝ ዳር የተማረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ዘንግና ከባድ ክር ሲያነሳ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በአንድ ነገር ነው። ዕቃው ስለከበደ ጉልበት መጨመር ያለበት ይመስለዋል። ጥርሱን ነክሶ ይወረውራል፤ ክሩ ተጥመልምሎ እግሩ ሥር ይወድቃል። ሁለተኛውን ከፊተኛው አብልጦ ይወረውራል፤ እሱም ይብሳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻው ዝሎ፣ ክርኑ ታምሞ፣ ይህ የጡንቸኞች ጨዋታ ነው ብሎ ይቀመጣል።

በዚህ ምዕራፍ የምናየው ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ነው። ክሩ ሲከብድ የራሱን ሥራ የሚሠራበት አቅም ይጨምራል። ወርዋሪው የሚጠበቅበት ቀስ ብሎ መጀመር፣ በትክክለኛው ቦታ ማቆምና ክሩ እስኪዘረጋ መጠበቅ ነው። ሦስቱም ከጉልበት ይልቅ የጊዜ ጉዳይ ናቸው።

ቁጥሩ የሚናገረው

በተራ የማጥመጃ ዘንግ ስንወረውር ርቀቱን የሚሄደው ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው እርሳስ ነው፤ ቀጭኑ ክር ተጎትቶ ይከተለዋል። ከላባ፣ ከእንስሳ ፀጉርና ከፈትል የተሠራች ዝንብ ግን ክብደቷ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ብቻዋን ብትወረወር ጥቂት ሜትር እንኳ አትሄድም። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ክሩ ተዛውሯል። ይህ ክር ወፍራምና በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ርዝመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ27 እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ጫፉ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ዓሣው የማያየው ናይለን ይታሰራል፤ ዝንቧ የምትቋጠረው በዚያ ላይ ነው። በአጭሩ የሚወረወረው ክሩ ሲሆን ዝንቧ ትከተለዋለች።

ክር ከሐር ይሠራ በነበረበት ዘመን የሚለካው በውፍረቱ ነበር፤ መጠኑም በላቲን ፊደላት ይገለጽ ነበር። ናይለንና ፕላስቲክ ሐርን ሲተኩ አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው ሁለት ክሮች በክብደት እጅግ ይለያዩ ጀመር፤ ፊደላቱም ትርጉም አጡ። የአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር በዚህ የተነሳ ክብደትን መሠረት ያደረገ የቁጥር ሥርዓት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዓለም የሚሠራው በዚሁ ነው። የሚመዘነው የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር ነው። መለኪያው ግሬን ይባላል፤ 1 ግራም ከ15 ግሬን ትንሽ ይበልጣል።

በዚህ ሥርዓት 5 ቁጥር ክር 140 ግሬን ወይም 9.1 ግራም ገደማ ነው። 8 ቁጥር 210 ግሬን (13.6 ግራም)፣ 10 ቁጥር 280 ግሬን (18.1 ግራም)፣ 12 ቁጥር ደግሞ 380 ግሬን (24.6 ግራም) ይመዝናል። ቁጥሩ ከ5 ወደ 12 ሲሄድ ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሆኖም 24.6 ግራም ብዙ አይደለም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ አይሞላም። ተማሪውን የሚያደክመው ክሩ እንዳልሆነ ከዚህ ቁጥር ብቻ መረዳት ይቻላል።

ዘንጉም የራሱ ቁጥር አለው፤ 8 ቁጥር ዘንግ የሚሠራው 8 ቁጥር ክር ሲጫንበት በሚገባ እንዲጎብጥ ተደርጎ ነው። ዕቃ ስትገዙ ግን በቁጥሩ ብቻ አትተማመኑ። በዛሬ ገበያ 8 የሚል ምልክት ይዘው ከ210 ግሬን በላይ የሚመዝኑ ክሮች ብዙ ናቸው፤ አምራቾች ጠንካራ ዘንግ በአጭር ርቀትም ቶሎ እንዲጎብጥ ብለው ያከብዷቸዋል። በሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን የግሬን መጠን ማንበብ ይጠቅማል።

ከባድ ክር የሚፈለግበት ቦታ

ከባድ ክር ከሚወረወርባቸው ቦታዎች ሁሉ ዝነኛው የፍሎሪዳ ደሴቶች ሰንሰለት፣ ፍሎሪዳ ኪስ ነው። ከማያሚ በስተደቡብ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እየታጠፈ ኪ ዌስት ድረስ ይዘልቃል። በደሴቶቹ ዙሪያ ውኃው ከጉልበት የማያልፍ፣ ታቹ አሸዋና የባሕር ሣር የሆነ ሰፊ ሜዳ አለ። ማዕበሉ ሲገባ ዓሦቹ ለመብላት ወደዚህ ሜዳ ይወጣሉ። አጥማጁ በጠፍጣፋ ጀልባ አፍንጫ ላይ ይቆማል፤ መሪው ከኋላ ከፍ ካለ መድረክ ሆኖ ጀልባዋን በረጅም ምርኩዝ እየገፋ ውኃውን ይቃኛል። ዓሣ ሲያይ አቅጣጫውን በሰዓት ቁጥር ይናገራል፤ የጀልባዋ አፍንጫ 12 ነው፣ ከእሱ በስተግራ 11፣ 10 እያለ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ዓሣው እየሄደ ነው፤ ጀልባዋም እንደዚሁ።

እዚህ ቦንፊሽ ለሚባለው ብርማ፣ ፈጣን ዓሣ በተለምዶ 8 ቁጥር ይያዛል። ፐርሚት ለሚባለው ሰፊ ጎን ላለው ዓሣ 9 ወይም 10 ይያዛል። ታርፐን የመጣ እንደሆነ 11 ወይም 12 ነው። ታርፐን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ እንደ ሳህን የሰፋ ቅርፊት ያለው፣ ሲያዝ ሙሉ አካሉን ከውኃ በላይ አውጥቶ የሚዘል ዓሣ ነው።

ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ንፋስ ነው፤ ባሕር ላይ የማይነፍስበት ቀን ጥቂት ነው፣ ቀላል ክርም ንፋስን ሰንጥቆ አይሄድም። ሁለተኛው የዝንቧ መጠን ነው፤ ለባሕር ዓሣ የሚታሰሩት ትንሽ ዓሣ ወይም ሸርጣን የሚመስሉ ስለሆኑ አየር ይይዛሉ፣ እነሱን የሚሸከም ክብደት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ዓሣው ራሱ ነው፤ ከባድ ክር የሚወረውር ዘንግ ወፍራም መቀመጫ ስላለው ዓሣን ለማንሳትና ለመመለስ አቅም አለው።

ወደ አገራችን ስንመጣም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከኬንያ ተወስዶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት በቀዝቃዛና ጠባብ ውኃ የሚኖር ስለሆነ 4 ወይም 5 ቁጥር ይበቃዋል። በጫሞ ሐይቅ ያለውን ናይል ፐርች በዚያ ዕቃ ልያዝ የሚል ግን ዘንጉንም ዓሣውንም ያጣል።

ጅራፉ የሚያስተምረን

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው የዚህን ትምህርት ግማሽ ሳያውቀው ተምሯል። ጅራፍ ከእጀታው ወፍሮ ይጀምርና ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ልጁ ያዞረውና በድንገት ወደ ተቃራኒው ይመልሰዋል፤ በጅራፉ ላይ የተፈጠረው እጥፋት ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይሮጣል። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ ይጮኻል። የዝንብ ክርም ወደ ጫፉ የቀጠነ ነው፤ የሚጓዘውም እጥፋት እየሮጠበት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ለጅራፍ ጩኸቱ ግቡ ነው፣ ለአጥማጅ ግን ጥፋት ነው። ክሩ ከኋላችሁ ጧ ካለ ወደ ፊት የመለሳችሁት ሳይዘረጋ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ዝንቧ ተበጥሳ ሄዳለች።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ እጥፋት ቅርጽ ነው። ቅርጹን የሚሠራው ደግሞ የዘንጉ ጫፍ የሚጓዝበት መንገድ ነው። የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር ሄዶ ድንገት ከቆመ እጥፋቱ ጠባብ ይሆናል፤ አየር አይዘውም፣ ንፋስም ይሰነጥቃል። ጫፉ ቅስት እየሠራ ከሄደ እጥፋቱ ይሰፋና ጉልበቱ አየር ላይ ያልቃል። ጫፉ መሐል ላይ ከመስመሩ በታች ከወረደ ደግሞ የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር ይጠላለፋል፤ በናይለኑ ላይ የሚገኙት ማንም ያልቋጠራቸው ቋጠሮዎች ከዚህ ይመጣሉ።

ከባድ ዕቃ ሲያዝ በብዛት የሚታየው ይህ ሦስተኛው ነው። ወርዋሪው መጀመሪያ ላይ በኃይል ስለሚገፋ ዘንጉ ያለጊዜው ብዙ ይጎብጥና ጫፉ ይወርዳል። መፍትሔው ግፊቱን ማከፋፈል ነው፤ በዝግታ ይነሳል፣ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ከፍተኛው ፍጥነት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጄይና ቢል ጋመል የተባሉ አባትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ትንሽ ጽሑፍ ጥሩ ውርወራን በአምስት መሠረቶች አጠቃለውታል፦ የላላ ክር አይኑር፣ የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ክሩ ሲረዝም የእጅ ጉዞም ይርዘም፣ ኃይል በልኩና በቦታው ይሰጥ፣ በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ ክሩ እስኪዘረጋ ይጠበቅ። አምስቱም ለ5 ቁጥርም ለ12 ቁጥርም አንድ ናቸው። በከባዱ ላይ ግን ጥፋቱ ቶሎ ይጋለጣል።

የእጅ ጉዞና መጠበቅ

የድሮ አስተማሪዎች ዘንጉን በግድግዳ ሰዓት ላይ ካለው 10 እስከ 1 ብቻ አንቀሳቅሱ ይሉ ነበር። ለአጭር ክርና ለጠባብ ወንዝ ይህ ደህና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 2018 የኖረው የሜሪላንዱ ሌፍቲ ክሬይ ግን ባሕር ላይ ሲወርድ አልበቃ አለው። እሱ ያስተማረው ዘንጉን ወደ ኋላ አርቆ መውሰድን፣ ክርኑን በደረት ከፍታ እንዳለ መደርደሪያ ላይ እንደሚንሸራተት ያህል አግድም ማንቀሳቀስንና ሰውነትን አብሮ ማዞርን ነው። ክርኑ ወደ ላይ ካልተነሳ ትከሻ አይታመምም፤ ሰውነት ከዞረ ክንዱ ብቻውን አይሸከምም።

አቋቋሙም ይህን ይከተላል። ቀኝ እጁ የሆነ ሰው ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ገደድ ብሎ ቢቆም የኋላውን ክር ዘወር ብሎ ማየት ይችላል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት በቃል ሊነገረው አይችልም፤ የመጠበቂያውን ጊዜ የሚወስነው በዋናነት የክሩ ርዝመት ነውና። 9 ሜትር ክር ቶሎ ይዘረጋል፤ 15 ሜትር ሲወጣ ጥበቃው ለለማጅ የማያልቅ ይመስላል። ክሩ ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ጥቂት እጥፋት ብቻ ሲቀር ወደ ፊት መጀመር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ቀድሞ የጀመረ ሰው የላላውን ክር ለመሰብሰብ ብቻ የእጁን ጉዞ ግማሽ ያባክናል።

ርቀት በጡንቻ እንደማይመጣ ማስረጃ የሚፈልግ የጆአን ወልፍን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1926 በኒው ጀርሲ የተወለደች፣ በወጣትነቷ ዳንስ ያስተማረች፣ ቀጭን ሴት ናት። በ1951 ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ወንዶች በነበሩበት የርቀት ውድድር አሸነፈች፤ በ1960 ደግሞ 161 ጫማ፣ ማለትም 49 ሜትር ወረወረች። በኋላ በኒው ዮርክ ካትስኪል ተራሮች ከባሏ ከሊ ወልፍ ጋር ትምህርት ቤት ከፍታ ያስተማረችው እያንዳንዱ ውርወራ ሁለት ክፍል እንዳለው ነው። የመጀመሪያው ዘንጉን የሚያጎብጥ ረጅምና ለስላሳ ጉዞ ነው፤ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ የሚመጣ አጭርና ፈጣን የእጅ አንጓ ምት ነው። ጀማሪው ሁለተኛውን ክፍል መጀመሪያ ላይ ስለሚያደርገው ነው የሚደክመው።

የግራ እጅ ሥራ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዘንጉ እጅ ነው። ከባድ ክር ርቆ የሚሄደው ግን ክሩን በያዘው እጅ ነው። ዘዴው ድርብ ጉተታ ይባላል። ማርቪን ሄጅ የተባለው የኦሪገን ወርዋሪ እ.ኤ.አ. በ1934 በሴንት ሉዊስ በተደረገ ብሔራዊ ውድድር ሌሎችን አስከንድቶ ባሸነፈ ጊዜ ዘዴው በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀኝ እጅ ዘንጉን ወደ ኋላ ሲያፈጥን ግራ እጅ ክሩን ወደ ታች ቶሎ ይጎትታል። ዘንጉ ሲቆም ጉተታውም አብሮ ይቆማል። ከዚያ ክሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ግራ እጅ በእሱ እየተሳበች ወደ ዘንጉ ትመለሳለች፤ ያስረከበችው ክር በዘንጉ ቀለበቶች በኩል ይንሸራተታል። ወደ ፊት ሲወረወርም ይኸው ይደገማል፤ በመጨረሻው ላይ ግን ክሩ ይለቀቅና የተጠራቀመው እየተተኮሰ ይወጣል። ጉተታው የክሩን ፍጥነት በቀጥታ ስለሚጨምር የቀኝ ክንድ ሥራ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጎተቱ ላይ አይደለም፤ በመመለሱ ላይ ነው። ጎትቶ እጁን ወገቡ አጠገብ ይተወዋል፤ ለሚቀጥለው ጉተታ የሚሆን ቦታ የለውም። እጁ ሳትመለስ ከቀረች የኋላ ውርወራው ደካማ ነው ማለት ነው፤ ጠንካራ ክር እጅን ራሱ ይስባል። ለዚህ ነው ጉተታ የመጥፎ ውርወራ መድኃኒት የማይሆነው። መጥፎ ውርወራ ላይ የተጨመረ ጉተታ ጥፋቱን ያፈጥነዋል።

ንፋስ፣ እርሳስና ሰጣሚ ክር

ከፊት ለሚመጣ ንፋስ የኋላውን ውርወራ ከፍ፣ የፊቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ እጥፋቱ ሲዘረጋ ዝንቧ ውኃው አጠገብ ትሆናለች፣ ንፋሱም አይመልሳትም። ከኋላ ለሚመጣ ንፋስ ተቃራኒው ይሠራል። አደገኛው ከዘንጉ እጅ ወገን የሚነፍሰው ነው፤ መንጠቆውን ወደ ጆሮና ወደ አንገት ያመጣል። ያኔ ጀርባን ለዓሣው ሰጥቶ በኋላ ውርወራ ማድረስ፣ ወይም ዘንጉን በራስ ላይ አሻግሮ በሌላው ትከሻ በኩል መወርወር ያድናል።

ከባድ ዝንብ ሌላ ጠባይ ይጠይቃል። የፔንሲልቬንያው ቦብ ክላውዘር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈለሰፈው ዝንብ የእርሳስ ዓይኖች አሉት፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታሰራል። ይህን ዓይነቱን በጠባብ እጥፋት የወረወረ ሰው እርሳሱ ሲዞር ዘንጉን ይመታውና ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የኋላው በጎን በኩል ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ የፊቱ በራስ ላይ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ መንገዱ እንቁላል ቅርጽ ይሆናል፣ ክሩም በመሐል አይላላም። የቤልጂየም ውርወራ የሚባለው ይህ ነው። ሰጣሚ ክር ሲሆን ደግሞ ከውኃ ውስጥ በቀጥታ አይነሳም፤ አስቀድሞ ክሩን ወደ ፊት አንከባልሎ ወደ ላይ ማምጣት፣ ከዚያም ውኃው ክሩን በያዘበት ቅጽበት ወደ ኋላ ማስነሳት ይቀላል።

በሣር ላይ

ይህ ሁሉ የሚለመደው ዓሣ በሌለበት ነው። ያልረጠበ የሣር ሜዳ ይበቃል፤ ሲሚንቶ ክሩን ይፍቀዋል። መንጠቆ አይታሰርም፤ በእሱ ፋንታ ደማቅ ቀለም ያለው የሱፍ ክር ይቋጠራል። ባርኔጣና መነጽር ግን በልምምድም አይቀሩም።

ከዘንጉ ጫፍ ውጭ 9 ሜትር ያህል ክር አውጡና ጀምሩ፤ ዘንጉ የተሠራው ለዚያ ክብደት ነው። በመጀመሪያ የኋላውን ውርወራ ብቻ አድርጉና ክሩ መሬት ላይ ይውደቅ። ዞር ብላችሁ እዩት። ቀጥ ብሎ ከተኛ ዘንጉን ያቆማችሁት በትክክል ነው፤ ከታጠፈ ወይም ከተከመረ ዘንጉ ሳይቆም አልፏል፣ ወይም ኃይሉ በመጀመሪያ ላይ አልቋል። ከተኛበት አንስታችሁ ወደ ፊት ወርውሩ፤ እሱም ይውደቅ። ጉተታውንም እንዲሁ ለዩት፤ ዘንጉን አግድም ይዛችሁ በሣሩ ላይ አንድ ውርወራ ከአንድ ጉተታ ጋር፣ ከዚያ መቆም፣ መመልከት፣ እጅን መመለስ። ሁለቱ እጆች ሲስማሙ ብቻ ወደ ላይ አንሷቸው።

ልምምዱ አጭር ይሁን። የደከመ ክንድ የሚማረው መጥፎ ልማድ ነው፤ በሳምንት አንድ ረጅም ቀን ከመሥራት በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል። ርቀቱንም በየደረጃው አሳድጉ፤ 12 ሜትር ላይ እጥፋቱ ጠባብ ሳይሆን ወደ 15 መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

ለባሕር ስትዘጋጁ ዓላማችሁ የሜዳውን ዳር ማለፍ አይሁን። በፍሎሪዳ ጥልቀት አልባ ውኃ ከ12 እስከ 18 ሜትር በትክክል የሚደርስ ወርዋሪ አብዛኛውን ዕድል ያገኛል። ዋናው ነገር እዚያ ርቀት ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው የአየር ላይ ምልልስ ብዛት ነው። በ5 ቁጥር ወንዝ ላይ አራት አምስቴ ክሩን ማመላለስ የለመደ ሰው ያን ያህል ሲያደርግ ቦንፊሹ የክሩን ጥላ አይቶ ሄዷል። የከባዱ ክር ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለት ምልልስ ዘንጉን አጉብጦ በሦስተኛው መሄድ ይችላል። ስለዚህ ሣሩ ላይ በ15 ሜትር ርቀት ባርኔጣ አስቀምጡ፤ ንፋስ ባለበት ቀን፣ በሁለት ምልልስ ብቻ፣ ከአሥር ውርወራ ሰባቱን በአንድ ሜትር ክልል ውስጥ ማሳረፍ ስትችሉ ጀልባ ላይ ውጡ።